ቤዝና ፌዝ

ደብል ቤዝ ተሸክሞ ከስድስት ኪሎ ፒያሳ የሚወርድ ሰው ከሙዚቀኛነቱ በፊት ተረበኛ መሆን አለበት። ቁመቱ 1 ሜትር ከ80 የሚሆን፣ ዳሌው የሰፋ፣ ጥቁር ልብስ የለበሰ ነገር አቅፈህ ስትሄድ አዲስ አበባ ዝም ብላ አታሳልፍህም።

«ወንድሜ፣ ቀብሩ የት ነው?»

«ማታ ነው። ሳውንድ ማኑ ይቀብረዋል።»

«ቫዮሊኑን ምን እያበላኸው ነው እንዲህ ያደገው?»

«ደሞዜን።»

ወያላው በሩን ከመክፈቱ በፊት፣ «የሁለት ሰው ትከፍላለህ!»

«እከፍላለሁ፤ መልሱን ግን ለሱ ስጠው።»

ከኋላ ወንበር አንዲት እናት ከልባቸው አዝነው፣ «ልጄ፣ ዋሽንት ብትማር ምን ነበረበት?»

«ዋሽንትማ ታክሲ ላይ ይረሳል፣ እማማ።»

ይኼን ሁሉ ለምጄዋለሁ። የማልለምደው መድረክ ላይ የሚጠብቀኝን ነው። ባለፈው ዓርብ ስሙን የማልጠራው አንድ ሆቴል ገባን። ጊታሪስቱ ኬብል እየጠቀለለ ጠየቀኝ፤

«ፒክአፕ አለህ?»

«አለኝ።»

«ታዲያ በታክሲ ምን አሰቃየህ? የት አቁመኸው ነው?»

«ድልድዩ ላይ።»

«ትራፊክ ሳያነሳብህ ሮጥ በል!»

ሳውንድ ማኑ አልሳቀም። ሳውንድ ማን ከፕሮግራም በፊት አይስቅም፤ ከፕሮግራም በኋላ ደግሞ የለም። እጁን ትልቁ አምፕ ላይ ጣል አድርጎ፣ «ይሄ የቤዝ ጊታር አምፕ ነው። ላንተ እንጨት አልተሠራም» አለኝ።

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። ዘር ይቆጠር ከተባለ እንቁጠር! በ1946 እ.ኤ.አ. ኤቨረት ሃል የሚባል አሜሪካዊ ቤዝ ተጫዋች ድምፁ በትንፋሽ መሣሪያዎቹ ቢዋጥበት ጊዜ መላ ዘየደ። ደብል ቤዝ መሬት ላይ የሚቆመው ከታች ባለች ዘንግ ነው። ሃል በዚያች ዘንግ ጫፍ ላይ ትንሽ ማይክ ተክሎ ወደ ቤዙ ሆድ አስገባት። በዓመቱ ፓተንት አገኘባት። ለፈጠራው ያወጣለት ስም «አምፕሊፋይድ ፔግ» ነው፤ በኛ ቋንቋ ድምፁ የጎላ ችካል ማለት ነው። ሲያጥር አምፔግ ሆነ። ዛሬ በየመድረኩ የቤዝ ጊታር ጌታ ተብሎ የሚከበረው አምፔግ የእኔ እንጨት ችካል ነበር። ዓለም ቤዝ ጊታርን የለመደበት የፌንደር ፕሪሲዥን የወጣው በ1951 ነው። ልጁ ሳይወለድ አልጋው ተዘጋጅቶ ነበር።

«ስለዚህ» አልኩት ደረቴን ነፍቼ፣ «ባለርስቱ እኔ ነኝ። ቤዝ ጊታሩ ጢሰኛ ነው።»

«በ67 መሬት ላራሹ ታውጇል፤ አልሰማህም?»

እውነት ለመናገር ይቺ ገብታኛለች። ርስቱ በእርግጥም ከእጃችን ወጥቷል። ሃል ሮክ የሚሉትን ጩኸት የሚጠላ ሰው ነበር፤ ኩባንያውን በ1967 እ.ኤ.አ. ሸጠው። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1969፣ በዚያው ስም ኤስ ቪ ቲ የሚሉት ባለ 300 ዋት፣ ባለ 14 ቫልቭ ጉድ ወጣ። አምፑ ከኛ ቤት ወጥቶ ከተማ ገባና ስናናግረው የማይሰማ ሆነ።

እስቲ ለምን እንደማይሰማን ላውጋችሁ። የእኔ ፒክአፕ ፒዬዞ የሚሉት ዓይነት ነው፤ ሲጫኑት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ክሪስታል። ፒየርና ዣክ ኩሪ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች፣ ይህን ጠባዩን የደረሱበት በ1880 ነው። ብሪጁ ሥር፣ ያ ለጊታሪስቱ ድልድይ ያልኩት፣ ክራር ቢሆን ብርኩማ የምንለው ሥር፣ ወትፈው ያስቀምጡታል። ክሩ ሲንቀጠቀጥ ብሪጁ ይጫነዋል፣ እሱም ይናገራል። የሚናገረው ግን በሹክሹክታ ነው።

ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የኖረ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ውሃ የለም አይባልም፣ አለ። ምድር ላይ ያለው ጎረቤት ቧንቧውን ቦግ አድርጎ ሲከፍተው ግን አንተ ጋ የሚደርሰው ፉጨት ብቻ ነው። አምፑም የመግቢያው ኢምፒዳንስ፣ በኦም የሚለካው እንቢታው፣ ዝቅ ካለ እንደዚያ ጎረቤት ነው፤ የፒክአፑን አቅም እላዩ ላይ ያፈስበታል። ቀድሞ የሚጠፋው ደግሞ ወፍራሙ ድምፅ ነው። 1 ናኖፋራድ የሚይዝ ፒክአፕ መግቢያው 1 ሚሊዮን ኦም የሆነ አምፕ ላይ ብትሰካው ከ159 ኸርዝ በታች ያለው መሳሳት ይጀምራል። የኔ ክሮች ሳይነኩ ሲመቱ ከወፍራሙ ጀምሮ 41፣ 55፣ 73 እና 98 ኸርዝ ናቸው። አራቱም ከወንፊቱ ሥር! ደብል ቤዝ ይዘህ መጥተህ የሚሰማው የተወጠረ ላስቲክ ነው። መግቢያው 10 ሚሊዮን ኦም ሲሆን ግን ያ ድንበር ወደ 16 ኸርዝ ይወርዳል፤ ክሮቹም ነፃ ይወጣሉ።

ለዚህ ነው ከቦርሳዬ መዳፍ የምታህል ፕሪአምፕ አውጥቼ በመሃል የሰካሁት።

«ይቺ ደሞ ምንድን ናት?» አለ ሳውንድ ማኑ።

«ሽማግሌ።»

«ማንን ከማን ልታስታርቅ?»

«ያንተን አምፕ ከኔ እንጨት።»

«ጥሎሹ ስንት ነው?»

«ትዊተሩን መዝጋት ብቻ።»

«ስሙ ኤክስ ተብሏል እኮ!»

ዘጋው። የጣቴንና የክሩን ፍትጊያ ሁሉ ለሕዝብ የምታወራው ያቺ ትንሿ ስፒከር ናት። ቤዝ ጊታሪስቶች በጥፊ እየመቱ ሲጫወቱ ታምርባቸዋለች፤ እኔ ላይ ግን ነገር ታቀብላለች።

ጨዋታው ተጀመረ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ በኤ ክር አንደኛ ጣቴን ጣል አድርጌ «ሲ»ን ነካሁ፤ 65 ኸርዝ ገደማ መሆኗ ነው። ድምፁ ወጣ። ከዚያ ወፈረ። ከዚያ እኔ እጄን አነሳሁ፣ እሱ ግን ቀጠለ። የፊት ጠረጴዛ ላይ ያሉት መለኪያዎች መንቀጥቀጥ ጀመሩ፤ አንዲት ወይዘሮ ቦርሳቸውን አቀፉ። ድራመሩ በዱላው ጫፍ ነካ አደረገኝ፤

«ያንተ ሶሎ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«እኔ ጨርሻለሁ። እሱን ጠይቀው።»

ፊድባክ የሰፈር ወሬ ነው፤ በዞረ ቁጥር ይወፍራል። ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ ተመልሶ የቤዙን ሆድ ያንቀጠቅጣል፣ ሆዱ ብሪጁን፣ ብሪጁ ፒክአፑን፣ ፒክአፑ አምፑን፤ እንደገና ደግሞ ስፒከሩ። ቤዝ ጊታር ድፍን ጣውላ ስለሆነ ወሬ አይሰማም። የእኔ ግን ሲፈጠር ጆሮ ነው፤ በውስጡ ያለው አየር 60 ኸርዝ አካባቢ ገና ሲነኩት ይጮኻል። ሳውንድ ማኑ ሊያድነኝ ሮጠና የቤዝ ቁልፉን ጨመረው!

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ቤዝ አይደለህ? ቤዝ ጨመርኩልህ።»

ለስኳር በሽተኛ ስኳር ማለት ይኼ ነው።

በእረፍት ሰዓት በአዝማሪ ቤት ቤዝ ክራር ሲደረድሩ ያረጁ አንድ ሰው ከባሩ በኩል ጠሩኝ።

«አንተ ልጅ! የዚያ ነገር ሆዱ ባዶ ነው አይደል?»

«አዎ ጋሼ።»

«ባዶ ሆድ ይጮኻላ! ምን ይደንቅሃል?»

«ምን ላብላው ታዲያ?»

«ጨርቅ።»

ከአስተናጋጇ ሁለት ፎጣ ለምኜ በቤዙ ደረት ላይ ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች ወተፍኳቸው። ጩኸቱ በግማሽ ወረደ። ጋሼ አኩስቲክስ አልተማሩም፤ ሆድ ሲጮህ ግን ሰምተዋል። ቀጥዬ በሽማግሌዋ ላይ ያለውን፣ ዝቅ ያለውን ድምፅ የሚያግደውን ሃይ ፓስ ወደ 40 ኸርዝ አደረስኩት። ዝቅተኛዋ ድምፄ 41 ናት፤ ከዚያ በታች የሚመጣው የመድረኩ ጣውላና የዘፋኙ ኮቴ ነው፤ ለሱ እኔ ኪራይ አልከፍልም። አምፑን ደግሞ ከመድረኩ ጣውላ አንስቼ የቢራ ሳጥን ላይ ሰቀልኩት። መሬት ላይ ሲቀመጥ መድረኩን ራሱን ከበሮ ያደርገዋል፤ ከዚያ በዘንጓ በኩል ተመልሶ እኔው ጋ ይወጣል። ከፍ ሲል ግን ለጉልበቴ ሳይሆን ለጆሮዬ ያወራል፣ እኔም ድምፁን እቀንሰዋለሁ።

አሁንም ቤዙ «ሲ» ላይ ትንሽ ያጉረመርማል።

«ወደ ኋላ ሸሽ በል!» አለ ሳውንድ ማኑ።

በ60 ኸርዝ አንድ የድምፅ ሞገድ ወደ 6 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ግልባጩን ለማግኘት ግማሹን፣ 3 ሜትር፣ መሸሽ አለብኝ። 3 ሜትር ብሸሽ የምገኘው ኩሽና ነው፤ ጥብስ ይሸታል እንጂ ቤዝ አይሰማም።

«ፌዝ አለህ?» አልኩት።

«ኧረ ወንድሜ፣ ሰዓቱ የፌዝ አይደለም። ሰው እየጠበቀ ነው።»

«ፌዝ ነው ያልኩህ፤ ቁልፉ!»

«ከገባህ ጀምሮ ፌዝ አይደል እንዴ የያዝከው?»

ተውኩትና ሽማግሌዋ ጎን ላይ ያለችውን ቁልፍ ራሴ ተጫንኳት። ፌዝ የሚሏት ይቺ ቁልፍ ሞገዱን ትገለብጠዋለች፤ የሚገፋው ይስባል፣ የሚስበው ይገፋል። አንዳንዴ ጩኸቱን ሌላ ድምፅ ላይ ታሳርፈውና ይብስብሃል፤ አንዳንዴ ደግሞ ባለህበት ቆመህ የ3 ሜትር መንገድ ትሄድልሃለች። ዓርብ ማታ ሄደችልኝ። «ሲ»ን ነካሁ። ወጣች፣ ቆየች፣ እጄን ሳነሳ ዝም አለች።

ሳውንድ ማኑ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ «ምን አደረግክ?»

«ፌዝ።»

«አንተ መቼም አታርፍም» ብሎ ወደ ሚክሰሩ ተመለሰ። እስካሁን አላመነኝም።

አምፑን ከ6 ወደ 3 አወረድኩት። በቤዝ ጊታር ልማድ ደረት የሚመታ ነገር የጠበቀ ሰው ቅር ሊለው ይችላል፣ ይበለው! ደብል ቤዝ ሆድ ዕቃ እንዲያናውጥ አይደለም የተሠራው። የፊት ጠረጴዛው ከእንጨቱ የሚሰማውን የኋላ ጠረጴዛውም እንዲሰማው ከሆነ አምፑ ሥራውን ሠርቷል፤ የቀረው ጉራ ነው። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ድምፁ እንጨት እንጨት ማለት ጀመረ፤ ጋሼም ከባሩ በኩል ራሳቸውን ነቀነቁ።

አራተኛው ዘፈን መሃል አምፑ ወደ ጎን ዘመመ። አስተናጋጁ ከሥር ሳጥኑን እየጎተተ ነበር። «ባዶ መስሎኝ ነው» አለ። ባዶ ነው! ባዶ መሆኑን እኔም አውቃለሁ። የሆቴል ባለቤቶች ሆይ፣ አዲስ አምፕ ግዙልኝ አላልኩም፤ ፎጣውንም አጥቤ እመልሳለሁ። ያችን ሳጥን ብቻ አታንሱብኝ።