ማር እኮ ለጠጅ ነው

እስራኤል አገር ሮሽ ሃሻና፣ የአይሁድ አዲስ ዓመት፣ ሲቃረብ የማር ጠርሙስ በየሱቁ ደጃፍ ተቆልሎ ይቀበልሃል። መጪው ዓመት እንዲጣፍጥ ፖም በማር እያጠቀሱ መብላት ወግ ነው፤ ከአውሮፓ የመጡት አይሁዶች ደግሞ ሌካህ የሚሉትን የማር ኬክ ይጨምሩበታል። ወላጆቻችን በጎንደር በዓሉን ብርሃን ሠረቀ ብለው ሲያከብሩ ኬክ አላስጨነቃቸውም፤ ዳቦ ነበራቸው። እኔ ግን ኔታንያ ያደግሁ ነኝና በየዓመቱ እጋግራለሁ። እናቴም በየዓመቱ ወንበር ስባ ትታዘበኛለች።

እ.ኤ.አ. በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ስትመጣ አውሮፕላኑ አላስደነገጣትም። ሙሉ ኩባያ ማር ሊጥ ውስጥ ሲገባ ማየት ግን ዛሬም ያስደነግጣታል። «ማር እኮ ለጠጅ ነው፤ እሳት ላይ ይደፋል?»

መጀመሪያ ዘይቱን እለካለሁ፤ የበዓሉ ገበታ ሥጋ ስላለበት፣ በሕጋችንም ሥጋና ወተት ስለማይቀላቀል፣ ቅቤ አይገባም። ከዚያ በዚያው ኩባያ ማሩን። ዘይት የነካው ኩባያ ማር አይዝም፣ ሙልጭ ብሎ ይወርዳል። «ይቺስ ብልሃት ናት» አለች እማዬ። ከሥራዬ ሁሉ ያደነቀችው ይህችኑ ነው። ቀረፋና ቅርንፉዱን ስታይ «ሻይ ልታፈላ ነው?» ብላለች።

ጉድ የሚፈላው ቡናው ላይ ነው። ሌካህ ወፍራም ቡና ይፈልጋል፤ የማሩን ጣፋጭነት የሚገራው እሱ ነው። «ለሊጥ ከሆነ በረካው ይበቃዋል» ብላ ጀበናውን ወደ ራሷ ሳበች። አቦሉን ለኬክ ሰጥቶ ለጎረቤት ቶና መቅዳት በእሷ ዘንድ ከነውር ይቆጠራል። ተለማምጬ አገኘሁ።

ልትረታኝ ፈልጋ ንቧንም አመጣች።

«ንብ ትበላለች?»

«አትበላም።»

«ታዲያ ማሯ እንዴት ተበላ?»

ነገሩ የታልሙድ ሊቃውንትንም አነጋግሯል። ንቧ ማሩን ከአበባ ቀስማ ትይዘዋለች እንጂ ከገላዋ አታመነጨውም ብለው ፈቀዱት፤ ተሸካሚ ናት ተብላ በነፃ ተለቀቀች ማለት ነው። እማዬ ጥቂት አሰበችና፣ «ደህና ጠበቃ አግኝታለች» አለች።

ማር ከስኳር ቀድሞ ስለሚጠቁር እሳቱ ለስለስ ይላል፤ 160 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት ገደማ። ዋናው ጠብ የሚነሳው ግን ኬኩ ከወጣ በኋላ ነው። ማር እርጥበት ስለሚይዝ ኬኩ ተጠቅልሎ አንድ ሁለት ቀን ሲያድር ይለሰልሳል፣ ቅመሙም ይዋሃዳል። ድፎ ዳቦ በእንፋሎቱ ሲቆረስ እያየች ላደገች ሴት ይህ ስስት እንጂ ሙያ አይደለም። «ቤቱን በመዓዛ ሞልተህ ቁምሳጥን ውስጥ ትቆልፋለህ? ጎረቤት ምን ይለናል?»

በበዓሉ ዕለት ኬኩ ተቆረሰ። ከላይ ፎቅ የመጡት አሮጊት፣ ሌካህ ሲበሉ ያረጁ ሴት፣ አንዱን ጨርሰው ሁለተኛ ቁራሽ አነሱና «ይህን ማን ጋገረው?» አሉ። አፌን ሳልከፍት እማዬ ቀደመችኝ።

«አቦል ነው የገባበት፤ ምን ይሁን!»