ንጹሕ ሥጋ

ተረት ተረት። «የላም በረት» ካላችሁኝ እቀጥላለሁ፤ በረቱ ግን የሞጆ ወንዝ ነው፣ ላሟም እዚያ የደረሰችው ቆዳዋ ከተገፈፈ በኋላ ነው።

በዚህ ወንዝ ዳር፣ ውሃው ቆቃ ሐይቅ ሳይገባ፣ አንድ ሸርጣን ይኖር ነበር። አንድ ስላልኩ ብቸኛ እንስሳ እንዳይመስላችሁ፤ ሸርጣኑ ራሱን የቻለ አገር ነበር። ከፊት ፊታውራሪ መቆንጠጫ ግራና ቀኙን ይዘው ይፎክራሉ። ዓይኖች ዘንጋቸው ላይ ተሰቅለው ዙሪያውን ይቃኛሉ፤ ምን እንዳዩ ሲጠየቁ ግን ፊታውራሪ መስማት የሚወዱትን ይናገራሉ። ስንጥብ ኬላውን ይጠብቃል፤ ውሃው በእሱ በኩል ያልፋል፣ እሱም አየሩን ያስቀራል። ስምንቱ እግሮች ወደታዘዙበት ይሄዳሉ፣ ያውም ወደ ጎን። ወደ ጎን መሄድ በዚያ አገር ከድሮ ጀምሮ ፖሊሲ ነው።

ከሁሉ ኋላ፣ ጓዳ ውስጥ፣ ወይዘሮ ጉበተቆሽት ነበረች። እኛ ዘንድ ጉበትና ቆሽት ተከፋፍለው የሚሠሩትን እሷ ለብቻዋ ትሠራለች። ምግብ የሚያልመውን ኢንዛይም ታመነጫለች፣ የላመውን ትመጥጣለች፣ ስቡን ለክፉ ቀን ታስቀምጣለች። የሸርጣን ደም አየር የሚሸከመው በመዳብ ነውና መዳቡንም የምታከማቸው እሷ ናት። ስንጥብ «አገሩን የማስተነፍስ እኔ ነኝ» ብሎ ሲኩራራ፣ አየሩ በማን መዳብ ተጭኖ እንደሚዞር አንስቶ አያውቅም። ቤቷ ጫፋቸው የተደፈነ የቀጫጭን ቱቦዎች ጥርቅም ነው። በየቱቦው ጫፍ ሕፃናት ሕዋሳት ይወለዳሉ፤ እያደጉ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ገሚሱ ጎተራ ጠባቂ፣ ገሚሱ ኢንዛይም ቀማሚ ይሆንና ሲያረጅ ይረግፋል።

ከዕለታት አንድ ቀን ከወንዙ በላይ ቆዳ ፋብሪካዎች ተከፈቱ። ፀጉሩን ለመመለጥ ኖራና ሰልፋይድ፣ ቆዳውን ለማልፋት የክሮም ጨው ይገባል፤ የተረፈው ወደ ወንዙ ይወርዳል። ዝቃጩ ግን ባዶ እጁን አልመጣም፤ የስብና የሥጋ ፍቅፋቂ ይዞ መጣ። ፊታውራሪ ደስታቸውን አልቻሉትም። «አድነን መብላት ቀረ! ሲሳያችን በር ድረስ ይመጣልናል» አሉ። ዓይኖችም «ውሃው እንደዚህ አምሮበት አያውቅም» ብለው መሰከሩ።

ማታ ማታ ጓዳ ውስጥ መብራት አይጠፋም ነበር። ወይዘሮ ጉበተቆሽት ከምግቡ ጋር ተደባልቆ የገባውን እየለቀመች ትለያለች። ካድሚየሙንና ትርፉን መዳብ ሜታሎቲዮኒን በሚባል ፕሮቲን ታስራለች፤ ከቀረው ከባድ ብረት የቻለችውን ወደማይሟሟ ቅንጣት ጠቅልላ በየጥጉ ትሸሽጋለች። ማሰሪያው ግን በነፃ አይገኝም፤ ጉልበቱም ፕሮቲኑም የሚወጣው ከራሷ ጎተራ ነው። ቀስ በቀስ ቡናማው መልኳ ገረጣ። የቱቦዎቹ ግድግዳ ሳሳ፣ መሐላቸው ተቦረቦረ። ጫፍ ላይ የሚወለዱት የሚረግፉትን መተካት አቃታቸው።

በዚያው ሰሞን የሚበሰብሰው ፍቅፋቂ የውሃውን አየር ስለሚጨርሰው ስንጥብም ታመመ። እሱ ሲታመም ግን አገር ሰማ። ፊታውራሪ ራሳቸው ሄደው ጠየቁት። እሷን የጠየቃት የለም፤ በር የሌለው ጓዳ ውስጥ ማን ይገባል?

የቅርፊት ለውጥ ጊዜ ቀረበ። ሸርጣን ለማደግ አሮጌውን ቅርፊት ማውለቅ አለበት፤ በዚያን ሰሞን አይበላም፣ የሚኖረው ጓዳ ባስቀመጠችለት ነው። ስለዚህ ወይዘሮ ጉበተቆሽት ሸንጎ ፊት ቀረበች።

«ፊታውራሪ፣ ይስሙኝ» አለች። «ጎተራው ሙሉ የሚመስለው መርዝ ስለተከመረበት ነው፤ ስብ የለውም። ከበላያችን አንድ ገባር አለ፣ ንጹሕ ነው። እኛ ደግሞ እንደ ዓሣ ውሃ ውስጥ አልታሰርንም፤ በየብስ መሄድ እንችላለን። እግሮቹን ይዘዙልኝ።»

«ይህን ሁሉ ጊዜ ምንም ሳትይ ዛሬ ምን መጣብሽ?»

«ዝም ያልኩት ስለቻልኩ ነበር።»

«እዚህ የሚወርደውን ሲሳይ ትተን ወዴት ነው የምንሄደው?» አሉ ፊታውራሪ። «በይ፣ መርማሪ ይጠራና ይታይ።»

መርማሪው አልቅት ነበር፤ ናሙና መውሰድ ያውቅበታል። ፊታውራሪም ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው «ከዚህ ይቅመሱ» አሉት። አልቅት ቀመሰ፣ አጣጣመ፣ «ሥጋው ንጹሕ ነው» ብሎ ፈረደ። አልቅትን ውሸታም እንዳትሉብኝ፤ መርዝ ጡንቻ ላይ ሳይደርስ ጓዳ ውስጥ ሲከማች ሥጋ ንጹሕ ሆኖ መገኘቱ የሚጠበቅ ነው። ለአፍታ ከተረቱ ልውጣና፣ በ2008 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ አሜሪካ ሜን ግዛት የባሕር መርዝ ሎብስተሩ ውስጥ ሲገኝ የጤና ባለሥልጣናት ሕዝቡን «ሥጋውን ብሉ፣ አረንጓዴውን ሆድ ዕቃ ግን ተዉት» ብለው ነበር። እነሱ ጓዳውንም መርምረዋል። የእኛ አልቅት ግን የተዘረጋለትን እጅ ነው የቀመሰው።

«ሥጋችን ንጹሕ ከሆነ አገራችን ንጹሕ ነው» አሉ ፊታውራሪ። ሸንጎው አጨበጨበ።

ከግራ በኩል የመጨረሻው እግር፣ ማንም ሐሳብ ስጥ ብሎት የማያውቀው፣ «ሥጋውን ንጹሕ ያደረገው ማን ነው ታዲያ?» ብሎ ጠየቀ።

ጭብጨባው ተቋረጠ። ዓይኖች ዘንጋቸውን ዝቅ አደረጉ። ፊታውራሪ ጥቂት አሰቡና ፊታቸው በራ። «እውነት ነው! ውለታዋን ረስተናል» አሉ። ያን ዕለት ወይዘሮ ጉበተቆሽት ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ ተባሉ። ስለ ጽናታቸው ረጅም ንግግር ተደረገላቸው፤ ስንጥብ ሳይቀር እያለከለከ አመሰገናቸው። ከወንዙ ዝቃጭ ተለቅሞ የተሠራ የሚያብረቀርቅ የክሮም ሜዳሊያም ተሸለሙ። የገባሩ ጉዳይ ለሌላ ቀን ተቀጠረ።

ሜዳሊያው የት ይቀመጥ የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ብዙ አላከራከረም። እንደ ሌላው ሁሉ ጓዳ እንዲገባ ተወሰነ፤ ለቅርፊት ለውጡም ቀን ተቆረጠ።