አባ ቀሊል

የሰው ልጅ ክብደት ለመቀነስ የሚሄድበት መንገድ ብዙ ነው። አንዱ ጂም ይገባል፣ አንዱ እራት ይተዋል፣ የእህቴ ልጅ ደግሞ የሞተር ሳይክሉን ብሎን ይቀይራል። ልብ በሉ፤ ብሎኑ ተሰብሮ አይደለም፣ ጥርሱም አልተበላም። ከፋብሪካው ጀምሮ ዘይቱን ያለ አንዳች ቅሬታ ይዞ የኖረ ጨዋ ብሎን ነው። ጥፋቱ ብረት መሆኑ ብቻ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የሞተር ሳይክል ሞተር ግራና ቀኝ ክዳን አለው። በአንዱ በኩል ፍሪሲዮኑ፣ በሌላው በኩል ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ማግኔት ተከድኖ ይቀመጣል። ክዳኖቹን ዙሪያውን የሚይዟቸው 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው፣ በትንሽ ቁልፍ የሚፈቱ ብሎኖች ናቸው፤ ሁለቱም ጎን ሲደመር ሃያ ያህል ይሆናሉ። ከውስጥ የጋለ ዘይት፣ ከውጭ የነጂው ሱሪ፤ በመካከላቸው አንዲት ስስ ጓርኒሲዮን። ብሎኖቹ ሥራቸውን እስከሠሩ ድረስ ማንም ስማቸውን አያነሳም።

በአውሮፓና በአሜሪካ ግን እነዚህን ብሎኖች አውልቆ ባለቀለም የአሉሚኒየም ብሎን መግጠም የቆየ የባለሞተሮች ፈሊጥ ነው። ለየሞተሩ ዓይነት ተለክቶ፣ ሙሉ ስብስቡ በሳጥን ይሸጣል፤ ወርቃማ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ የወደዱትን። የእህቴ ልጅ ይህን በስልኩ አየ። ያየውንም ከሜሪላንድ ለምትመጣ አክስቱ አዘዘ።

እዚህ ላይ ስለ ክብደት እውነተኛ እውቀት ያለው ማን እንደሆነ ልናገር። የእሽቅድምድም መሐንዲስ አይደለም። ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሚዛኑ ፊት ቆማ፣ ከ23 ኪሎ ያለፈውን ሻንጣ ከፍታ፣ የትኛው ዘመድ ጫማ ቀርቶበት የትኛው ሽቶ እንደሚያገኝ በደቂቃ ውስጥ የምትወስን ኢትዮጵያዊት ናት። ያቺ ሴት ግራም ታውቃለች። አክስቱም የብሎኑን ሳጥን ስታነሳ «ይሄ ደግሞ ምንም አይከብድም፣ ተመስገን» ብላ ጥግ ላይ ወሸቀችው። በእነዚያ ብሎኖች ቅለት ከልቡ የተጠቀመ ሰው ቢኖር እሷ ብቻ ናት።

ሒሳቡን እንሥራው። የብረት እፍጋት በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 7.85 ግራም ነው፤ የአሉሚኒየም 2.7፤ ለብሎን የሚሆነው 7075 የሚባለው ቅይጥ ደግሞ 2.8። ስለዚህ 8 ግራም ገደማ የሚመዝን የክዳን ብሎን በአሉሚኒየም ሲተካ ወደ 3 ግራም ይወርዳል። በአንዱ 5 ግራም፣ በሃያው 100 ግራም። አንድ ሊትር ቤንዚን ሩብ ጉዳይ ኪሎ ያህል ስለሚመዝን፣ 100 ግራሙ ማለት አንድ የሻይ ብርጭቆ ቤንዚን ነው። ታንከሩን በአንድ ብርጭቆ አጉድሎ መንዳት ያንኑ ቅለት በነፃ ይሰጣል። ደግሞስ በዚህ የቤንዚን ሰልፍ ዘመን የማን ታንከር ሞልቶ ያውቃል? መንግሥት ሞተር ሳይክሎቻችንን ካቀለለልን ቆየ።

ይህንን ስነግረው የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ በእሽቅድምድም እያንዳንዱ ግራም ዋጋ አለው» አለኝ። እውነቱን ነው። ፖርሽ በ1969 እ.ኤ.አ. ያወጣው 917 የተባለው የእሽቅድምድም መኪና የማርሽ ዘንጉ ጫፍ ሳይቀር ለቅለት ሲባል ከባልሳ እንጨት የተሠራ ነበር። የመርሴዲስ ሰዎችም በ1934 እ.ኤ.አ. መኪናቸው ከተፈቀደው 750 ኪሎ በአንድ ኪሎ ስለበለጠ ሌሊቱን ሙሉ ነጭ ቀለሙን ፍቀው ብርማውን አሉሚኒየም አወጡ ይባላል። የታሪክ አዋቂዎች ይህን ወሬ አያምኑትም፤ እኔ ግን ስለሚጥመኝ አልተውኩትም። ዋናው ነገር እነዚያ ሰዎች ግራም መቁጠር የጀመሩት ኪሎውን ቀንሰው ከጨረሱ በኋላ ነው። የእኛው ተሽቀዳዳሚ ሐዋሳ ገበያ ሲሄድ ከኋላው አንድ ሰው ይጭናል፤ በሰውየው ጭን ላይ ደግሞ አንድ ከረጢት ሽንኩርት።

መካኒኩ ጋ አብሬው ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው፤ እጃቸው ከሞተር ዘይት ጋር ለዓመታት ተዋህዶ ቀለሙ አይታወቅም። ብሎኑን በሁለት ጣት አንስተው ወደ ፀሐይ ያዙት፤ ከዚያ የወደቀ ብሎን የሚለቅሙበትን ማግኔት አስጠጉለት። ማግኔቱ ዝም።

«ይሄ ልጄ፣ ሞተር ውስጥ ቢወድቅ በምን ላወጣው ነው?»

«አይወድቅም ጋሼ።»

«እሺ። አያያዙስ? ጌጥ ይመስላል።»

«አውሮፕላን የሚሠራበት አሉሚኒየም ነው!»

«እንግዲያው አውሮፕላኑ ላይ ይተዉት ነበር» አሉና ሥራ ጀመሩ።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው። ደህና የብረት ብሎን ራሱ ላይ 8.8 የሚል ጽሑፍ አለው። የመጀመሪያው 8 ብሎኑ እስኪበጠስ የሚችለውን ይናገራል፤ በካሬ ሚሊሜትር 800 ኒውተን። ከነጥቡ ቀጥሎ ያለው ደግሞ የዚያን 80 በመቶ እስኪደርስ ድረስ ቢለጠጥም ወደ ቦታው እንደሚመለስ ይመሰክራል። ብሎን ማለት በመለጠጥ የሚይዝ ነገር ነውና ይህ ምስክርነት ትልቅ ነው። ጠንካራው 7075 እንኳ የሚበጠሰው 570 አካባቢ ላይ ነው፤ ተራው አሉሚኒየም ከዚያም በታች። ስለዚህ የብረቱ ብሎን በ10 ኒውተን ሜትር ሲጠብቅ አሉሚኒየሙ ከዚያ ዝቅ ባለ ልክ፣ በልዩ መለኪያ ቁልፍ፣ ቀስ ተብሎ መጥበቅ አለበት። መካኒኩ መለኪያ ቁልፍ የላቸውም። የእሳቸው መለኪያ ክንዳቸው ነው፤ ክንዳቸው ደግሞ ዕድሜውን በሙሉ የተማረው በብረት ነው።

«ጥርቅ» አለ።

ድምፁ ትንሽ ነበር። የብሎኑ ወርቃማ ራስ መሬት ላይ ተንከባለለ፤ አካሉ ክዳኑ ውስጥ ቀረ። መካኒኩ ራሱን አንስተው ለባለቤቱ በሁለት እጃቸው አስረከቡትና «አሁን ይበልጥ ቀለለ» አሉ። ከዚያ ትራፓኖ መጣ። የተቀረቀረ የብረት ብሎን በትራፓኖ ሲበሳ ብረቱ ጠንካራ፣ ዙሪያው ለስላሳ ስለሆነ መርፌው ወደ ጎን ሸርተት ይላል፤ ያስቸግራል። አሉሚኒየም በአሉሚኒየም ውስጥ ሲሆን ደግሞ ሁለቱም አንድ ሥጋ ናቸውና የትኛው ብሎን፣ የትኛው ሞተር እንደሆነ መርፌው አያውቅም። ሁለቱ ጥርስ ለጥርስ ሲፋተጉ ተናክሰው የሚጣበቁበት ጊዜም ብዙ ነው፤ ማለስለሻ ቅባት ሳይቀቡ የገጠሙት የዚያን ጊዜ ይፀፀታሉ።

በዚያ ላይ የአንድ ሲሊንደር ሞተር መንቀጥቀጥ አለ። ብረት መጠነኛ ንዝረትን ለዘላለም ሊችል ይችላል፤ አሉሚኒየም ግን እያንዳንዷን ንዝረት ይመዘግባል፤ ትንሿም ብትሆን እየተጠራቀመች አንድ ቀን ትበጥሰዋለች። ብዙ ሳይቆይ ከቀኝ ክዳን ሥር ዘይት ማንጠብጠብ ጀመረ። የድሮ ጀግኖች በፈረሳቸው ስም ይጠሩ እንደነበር ታውቃላችሁ፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። መካኒኩም የእህቴን ልጅ ብሎኑ የተገጠመ ዕለት «አባ ቀሊል» ብለው ሰይመውት ነበር። አሁን «አባ ጠብታ» ሆኗል። ሰፈሩም ተቀብሎታል።

ለፍርድ እንዲመች የሌላውንም ወገን ቃል መስማት አለብኝ። አሉሚኒየም ብሎን በባሕርዩ ሞኝነት አይደለም። ሞተሩ ራሱ አሉሚኒየም ስለሆነ ሲሞቅ ከብረት ሁለት እጥፍ ገደማ ይሰፋል፤ የብረቱ ብሎን በዚያ ሰዓት ይጨነቃል፣ አሉሚኒየሙ ግን አብሮ ሰፍቶ አብሮ ይሰበሰባል። ቢ.ኤም.ደብሊው በዚህ ጉዳይ ብልህ ነው። ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መኪኖቹ ላይ የገጠመው ኤን52 የሚባለው ሞተር ገላው ማግኒዥየም ነበር፤ ማግኒዥየምና ብረት እርጥበት ባለበት ሲነካኩ ማግኒዥየሙ ይበላል፤ ስለዚህ በአሉሚኒየም ብሎን አሰሩት። ግን ሕግ አወጡለት፦ በተወሰነ ልክ ጠብቆ በተወሰነ ማዕዘን ይዞራል፣ አንዴ ከተፈታም ተመልሶ አይገጠምም፤ ይጣላል፣ አዲስ ይገዛል።

ይህን ለመካኒኩ ብነግራቸው ሳቁ። ጋራዣቸው ጥግ ላይ፣ እንደ ማንኛውም ጋራዥ፣ አንድ የወተት ጣሳ አለ፤ ውስጡ ከየዘመኑና ከየሀገሩ የተረፈ ብሎን፣ ዳዶና ሮንዴላ ሞልቷል። ጣሊያኑም፣ ጃፓኑም፣ ህንዱም አንድ ላይ ተኝቷል። «እዚህ ብሎን ይወረሳል እንጂ አይጣልም» አሉ። የተሰበረውን የተኩትም ከዚያው ጣሳ ባወጡት ነው፤ ዕድሜው ከባለቤቱ ይበልጣል።

አሁን ወደ ሐቁ እንምጣ። ነገሩን ሁሉ አይቼ የደረስኩበት፣ የእህቴ ልጅ 100 ግራም ፈልጎ አያውቅም። የፈለገው ማማር ነው። አረንጓዴውን ከላይ፣ ቢጫውን ከመሃል፣ ቀዩን ከታች ደርድሮ ሲጨርስ ፊቱ ላይ ያየሁት ደስታ ከግራም ጋር ምንም አይገናኝም። ታዲያ ምን ያሳፍራል? ጥር 23 እንጅባራ ሄዳችሁ የአገው ፈረሰኞችን እዩ። ፈረሱ ከግንባሩ ጀምሮ በመርገፍና በባለቀለም ጥልፍ ተሽሞንሙኖ ይወጣል፤ መርገፉ ፈረሱን ያፈጥነዋል የሚል ፈረሰኛ ግን አልሰማሁም። ያምራል፣ በቃ። የኮርቻው መወጠሪያ ግን ጠፍር ነው። ጌጡ በቦታው፣ ሰው የሚይዘውም በቦታው።

የዛሬ ባለሞተር ግን ጌጥ ገዝቶ ማጌጤ ነው ማለት ይከብደዋል። ቴክኖሎጂ ነው፣ ቅለት ነው፣ ፐርፎርማንስ ነው ይላል። ወንድ ልጅ «ቀለሙ ስላማረኝ ገዛሁት» ብሎ ለመናገር የመሐንዲስ ማስረጃ ለምን እንደሚያስፈልገው አይገባኝም። በዚያው ገንዘብ እኮ የኋላ ጎማ ይገዛ ነበር፤ ጎማው መላጣ ነው።

ስለዚህ የኔ ፍርድ ይህ ነው። የሰሌዳ ብሎን፣ የመስታወት ብሎን፣ የጭቃ መከላከያ ብሎን፣ የፕላስቲክ ሽፋን ብሎን በአሉሚኒየም ይጌጥ፤ ከነዚያ አንዱ ቢበጠስ የሚፈስ ነገር የለም። ዘይት የያዘውን፣ ፍሬን የያዘውንና ጎማ የያዘውን ለብረቱ ተዉለት፤ ስትገዙም 8.8 የሚለውን ጽሑፍ ራሱ ላይ ፈልጉ። የእህቴ ልጅ ሳጥን ውስጥ ከሞተሩ ተፈትተው የተመለሱ፣ ያልተሰበሩ ጥቂት ብሎኖች አሁንም አሉ። ሰሌዳ የሚያስር ሰው ካለ በነፃ ይውሰድ፤ ቀዮቹን ግን እንዳይጠብቅ፤ ፀሐዩ ሮዝ አድርጓቸዋል።