የሐሰት እጮኛነት ትሩፋት

በዘመናችን የፍቅር ልብ ወለድ ደራስያን ዘንድ የጸናው ሃይማኖት፣ ወደ እውነተኛው ፍቅር የሚያስገባ በር ሐሰት ብቻ ነው የሚል ነው፤ ለዚህም የአንጎል ሳይንስ ሊቅ የሆነችው አሊ ሄዝልዉድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ያሳተመችው «ዘ ላቭ ሃይፖተሲስ» በቂ ምስክር ነው። በዚያ መጽሐፍ የስታንፎርዷ የዶክትሬት ተማሪ ኦሊቭ፣ ጓደኛዋን «እኔ ሰው ይዣለሁ» ብላ ለማሳመን፣ በሌሊት በመተላለፊያው ያገኘችውን የመጀመሪያ ወንድ ትስማለች፤ ሰውየውም ተማሪ ሁሉ የሚርድለት መምህር ሆኖ ይገኛል። ዩኒቨርሲቲው ግን «ጥሎን ይሄዳል» ብሎ የምርምር ገንዘቡን ከፊሉን ይዞበታልና፣ እጮኛ ያለው ሰው ሥር የሰደደ ይመስላል በሚል ስሌት ማስመሰሉን በደስታ ይቀበላል፤ ሽማግሌ የላከው፣ በሌላ አነጋገር፣ የሒሳብ ክፍሉ ነው። ከዚያ ወዲያ እርሷ የዱባ ቅመም የገባበት ቡናዋን በሰው ፊት ስትጠጣ ፍቅር ራሱ ደርሶ ይፈርማል። (የዚህ ወገን መጻሕፍት ሆቴሎች ምንም ያህል ፎቅ ቢኖራቸው፣ የሚተርፋቸው አንድ አልጋ ብቻ መሆኑም ከተአምራት ይቈጠራል።)

እንግዲህ «እወድሻለሁ» ብሎ እውነቱን የተናገረ ጎረምሳ ከጥንቱ ስቷል፤ በተክሊል ተጋብተው ሠላሳ ዓመት የኖሩ ባልና ሚስትም ፍቅራቸው ይታደስ ዘንድ በምስክር ፊት ተፋተው፣ የተጋቡ ለመምሰል ሊዋዋሉ ይገባቸዋል። ነገረ ፈጁ ብቻ ይጠንቀቅ፤ አንቀጽ አንድ «መዋደድ ፈጽሞ ክልክል ነው» ካላለ፣ የሚዋደድ አይኖርም።