ዱዱና የዋልታ ኮከብ፦ ለሺኩን ቫቲኪም ፎቶ አንሺዎች የቀረበ ምክር

በእስራኤሏ ነታንያ፣ በሺኩን ቫቲኪም ሰፈር ጣሪያ ላይ ሆነው ፍኖተ ሐሊብን ፎቶ ለማንሣት ካሰቡ የሚጎድልዎት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ጨለማና ፍኖተ ሐሊብ። የቀረው ሁሉ ተሟልቷል። ጣሪያ አለ፣ ጎረቤት አለ፣ መካሪም ሞልቷል። ይህ ጽሑፍ ከመካሪዎቹ ቁጥር ላይ አንድ ጨመረ እንጂ ምን ፈየደ ቢሉኝ አልቀየምም።

ምኞቱ ከየት እንደመጣብዎ አይጠፋኝም። ከሥራ መልስ ሶፋ ላይ ጋደም ብለው ስልክዎን ሲነካኩ ከሥሩ የዳሎል ጨው ወይም የስሜን ተራራ ጫፍ፣ ከላዩ ከዋክብት እንደ ጤፍ የተበተኑበት ሰማይ ብቅ ይላል። «ይህንንማ እኔስ ምን ያቅተኛል?» ይላሉ። በማግስቱ ካሜራው በአሥራ ሁለት ታሽሉሚም (ወርኃዊ ክፍያ) ይገዛል። የመጀመሪያው ታሽሉም ሳይወርድ ቀና ብለው ሰማዩን ያያሉ፤ ግራጫ ነው፣ ጠርዙ ደግሞ ብርቱካንማ።

አይደንግጡ፤ ብቻዎን አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የዓለም የሰው ሠራሽ ብርሃን ካርታ ከሰው ልጅ ሲሶ የሚበልጠው ከሚኖርበት ቦታ ሆኖ ፍኖተ ሐሊብን ማየት እንደማይችል አሳይቷል። ጆን ቦርትል የተባለ አሜሪካዊ በ2001 ባወጣው የጨለማ መለኪያ 1 ቁጥር ማለት ሰው የማይደርስበት በረሃ፣ 9 ቁጥር ማለት መሐል ከተማ ነው። ከቴል አቪቭ እስከ ሃይፋ በተቀጣጠለው የባሕር ዳርቻ ላይ የተቀመጠችው ነታንያ ወደ የትኛው ጫፍ እንደምትጠጋ ለማወቅ መሣሪያ አይግዙ። እኩለ ሌሊት ላይ በረንዳ ወጥተው አምፖል ሳያበሩ ጋዜጣ ለማንበብ ይሞክሩ። ርእሱን ካነበቡ መልሱን አግኝተዋል።

የሰማዩ አከፋፈልም ቢሆን የሚያስቅ ነው። የፍኖተ ሐሊብ ደማቁ ክፍል፣ እምብርቱ፣ ማምሻውን ደህና አድርጎ የሚታየው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በነዚህ ወራት ጎንደር ላይ ጨለማው አለ፤ ግን ክረምት ነውና ደመናው ሸፍኖታል። ነታንያ ላይ በነዚሁ ወራት ጠብታ አይወርድም፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው፤ የሸፈነው የመንገድ መብራት ነው። ከዚያ ተነሥቶ እዚህ የገባ ሰው በሰማይ በኩል ደመናን በአምፖል ለወጠ ማለት ነው። ከፍታም ጎድሎበታል። እምብርቱ ጎንደር ላይ ከአድማስ ወደ 48 ዲግሪ ይወጣል፤ እዚህ 29 እንኳ አይሞላም። ያውም የሚቆመው በደቡብ በኩል፣ ሄርጽሊያና ቴል አቪቭ ሰማዩን በሚያቀሉበት አቅጣጫ ነው። ወደ ቤን ጉሪዮን የሚወርዱ አውሮፕላኖች በዚያው በኩል መስመር መስመራቸውን ያክሉበታል፤ ለሱ ተጨማሪ ክፍያ የለም።

ስለ ዕቃው ብዙ አልልም፤ ሻጩ ብሎልዎታል። ሰፊ የሚያይ ሌንስ፣ የማይነቃነቅ ትሪፖድ፣ ትርፍ ባትሪ ይያዙ። አምስት መቶን ለሌንሱ ሚሊሜትር ያካፍሉ፤ የሚወጣው ቁጥር ኮከቡ ነጥብ ሆኖ የሚቆይበት ሰከንድ ነው። በ20 ሚሊሜትር ሌንስ 25 ሰከንድ መሆኑ ነው። የካሜራዎ ሴንሰር ትንሹ ዓይነት ከሆነ ውጤቱን እንደገና ለአንድ ተኩል ያካፍሉት። ከዚያ ካለፈ ምድር መዞሯን አትተውምና ኮከቡ ጭራ ያወጣል። ፎከሱን ለካሜራው አይተዉለት፤ አንድ ደማቅ ኮከብ በስክሪኑ ላይ አጉልተው፣ ነጥቡ እስኪጠብ ድረስ ቀለበቱን በእጅዎ ያዙሩ። መጻሕፍቱ ዓይን ጨለማን እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይጠብቁ፣ ከቀይ በቀር መብራት አያብሩ ይላሉ። ይህንን ይዝለሉት፤ ዓይንዎ የሚለምደው ጨለማ እዚህ የለም።

ከዕቃው ሁሉ የሚከብደው የጣሪያው ቁልፍ ነው። ቁልፉ በሕንጻው ኮሚቴ ሰው፣ በቫአድ ባይቱ እጅ ነው፤ ለማግኘት እውነቱን መናገር ይበጃል። «የውሃ ማሞቂያው ዱድ ያፈሳል» ካሉት የጋራ ወጪ የመጣ መስሎት ስልኩን አያነሣም። «ኮከብ ፎቶ ላነሣ ነው» ካሉት ግን ገንዘብ እንደማይጠየቅበት ወዲያው ስለሚገባው ቁልፉን ከነምርቃቱ ያቀብልዎታል። መታወቂያዎንም አይርሱ። እኩለ ሌሊት ላይ ባለሦስት እግር ጥቁር ነገር ተክሎ ጣሪያ ላይ የቆመ ሰው ማብራሪያ ይጠየቃል፤ መልኩ የኛን የመሰለ እንደሆነ ደግሞ ማብራሪያው ረዘም ይላል። ስለዚህ ጉዳይ ዘረኝነትን ያጠናው የፓልሞር ኮሚቴ በ2016 ለመንግሥት ያቀረበው ሪፖርት ከኔ አብልጦ ስለጻፈ አልደግመውም። ብቻ ለሹተሩ 25 ሰከንድ፣ ለማብራሪያው ግማሽ ሰዓት ይመድቡ። ሲረና ከጮኸ ደግሞ ሁሉንም እንደተተከለ ትተው ወደ መጠለያው፣ ወደ ሚቅላት ይውረዱ። በሚያዝያ 2024 በኢራን ጥቃት ሌሊት ሰማያችንን ያበሩት ነገሮች ኮከቦች አልነበሩም።

ቀጥሎ እማማ አሉ። በየሕንጻው አንድ እማማ አሉ፤ ደረጃውን የወጣና የወረደ አያመልጣቸውም።

«ልጄ፣ ሌሊት ሌሊት እላይ ቤት ምን ትሠራለህ?»

«ኮከብ አነሣለሁ እማማ።»

«ኮከብ ታያለህ? እሰይ! እስቲ የልጄ ኮከብ ከዚያ ልጅ ጋር ይገጥም እንደሁ እይልኝ።»

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፎቶ ማንሣትና አውደ ነገሥት መግለጥ የተለያየ ሙያ መሆኑን ለማስረዳት አይድከሙ። «አይገጥምም» ካሉ ሠርግ አፍርሰዋል። «አላውቅም» ካሉ ያ ሁሉ ዕቃ ለምን እንደተገዛ መልስ ያጡለታል። «ግጥም ነው እማማ» ብለው ወደ ላይ ይለፉ፤ ቡናም ይላክልዎታል።

ከሽማግሌዎቹ ጋር ግን ስለ ጨለማ ሰማይ ክርክር አይግጠሙ። ወገኖቻችንን ከሱዳን ወደ እስራኤል ካጓጓዘው ከዘመቻ ሙሴ በፊትና በዘመቻው ዓመት በ1984 ከጎንደርና ከትግራይ መንደሮች ወደ ሱዳን በእግራቸው የወጡት ሰዎች ቀን ጫካ ውስጥ ተደብቀው ሌሊት ሌሊት ነበር የሚጓዙት። በመንገድና በሱዳን ካምፖች ያለቁት ወደ አራት ሺህ ይገመታሉ፤ መታሰቢያቸው ኢየሩሳሌም፣ ሄርጽል ተራራ ላይ ቆሟል። እርስዎ «ቦርትል አንድ» እያሉ የሚቋምጡለትን ሰማይ እነሱ ልጅ አዝለው፣ ለሳምንታት፣ ፎከስ ሳይሹ አይተውታል። ከሩቅ ብልጭ የሚል መብራት ወታደር ወይም ሽፍታ ሊሆን ይችል ነበር፤ ጨለማውም አውሬና ገደል ነበረበት። እንግዲህ ዛሬ አባባ ነታንያ ላይ የበረንዳቸውን አምፖል ሌሊቱን ሙሉ አብርተው ቢያድሩ፣ ሰማዬን አበላሹብኝ ብለው በራቸውን እንዳያንኳኩ። አምፖሉ ይብራ። እርስዎ ሌንስዎን ያዙሩ።

ወዴት ይዙር? ወደ ሰሜን፣ ወደ ዱድ ሼሜሹ።

ስቀልድ እንዳይመስልዎ። በ1980 በእስራኤል አዲስ መኖሪያ ቤት ሲሠራ ዱድ ሼሜሽ፣ ማለት የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ፣ በሕግ ግዴታ ሆነ፤ ከዚያ በፊት የተሠሩትም ሺኩኖች ቢሆኑ ጣሪያቸው ባዶ አይደለም። ጠጋ ብለው ይዩት። ጥቁሩ መስተዋት ፀሐይዋን ለመቀበል ወደ ደቡብ አዘንብሎ ተቀምጧል፤ ነጩ በርሜል ከኋላው፣ በሰሜን በኩል፣ ብረት እግሮቹ ላይ ወጥቷል። ከቧንቧው መገጣጠሚያ በታች ቡናማ የዝገት መስመር ወርዷል፤ የፋብሪካው ጽሑፍ ፀሐይ በልቶት ግማሹ ጠፍቷል፤ አናቱ ላይ የርግብ ምልክት አለ። አሁን በመስተዋቱ ፊት ለፊት ቆመው በርሜሉን አሻግረው ቀና ይበሉ። ኮምፓስ ሳይዙ ሰሜንን እያዩ ነው። ክንድዎን ዘርግተው ከአድማሱ ጀምሮ ጡጫዎን ሦስት ጊዜ ቢደራርቡ፣ ከዚያ ጥቂት ከፍ ብላ ብቻዋን የቆመች፣ ያን ያህልም የማትደምቅ ኮከብ ያገኛሉ። የዋልታ ኮከብ ናት፤ የከተማ መብራት አያጠፋትም። ከአድማስ ያላት ከፍታ የቆሙበት ቦታ ኬክሮስ ነው፤ ነታንያ ላይ 32 ዲግሪ ገደማ። ጎንደር ላይ 12 ዲግሪ ተኩል ላይ ዝቅ ብላ ከኮረብታ ጀርባ ትቀር ነበር፤ እዚህ ከዱዱ በላይ ወጥታለች። ከጎንደር መምጣታችን በሰማይ በኩል ያተረፈልን ይህንን 20 ዲግሪ ነው፤ ይጠቀሙበት።

ካሜራውን ዝቅ አድርገው፣ በርሜሉ ከታች፣ ኮከቧ ከላይ እንድትገባ ይትከሉ። ቀዳዳውን 5.6፣ አይሶውን 200፣ ሹተሩን 30 ሰከንድ ያድርጉና ለአንድ ሰዓት ያለማቋረጥ እንዲያነሣ ይተዉት። ፎቶው ነጭ ከሆነ አይሶውን ይቀንሱ። ወደ 120 የሚጠጋ ፎቶ ይወጣል፤ ስታርስታክስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አንድ ላይ ያጣብቀዋል። በሰዓት ውስጥ እያንዳንዱ ኮከብ 15 ዲግሪ የሚሆን ቅስት ይስላል፤ ሁሉም ቅስት የሚዞረው በዋልታ ኮከብ አጠገብ ነው። የመንገድ መብራቱ ደግሞ በርሜሉን ያበራልዎታል። በረሃ የወረዱት ሰዎች ለዚሁ ሥራ ባትሪ ተሸክመው ይዞራሉ። ገመድ ላይ የተሰጣ አንሶላ ካለ ባለቤቱ እንዲያነሣው ይለምኑ፤ ነፋስ ሰዓቱን ሙሉ ስለሚያወዛውዘው ፎቶው ላይ መንፈስ ሆኖ ይወጣና እማማ ሁለተኛ አያስወጡዎትም።

የትኛው ሌሊት ይሻላል ቢሉ፣ የአይሁድ ወር ከጨረቃ ጋር ስለሚሄድ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ካላንደር ይበቃል። ፋሲካና ሱኮት በ15 ስለሚውሉ ጨረቃዋ ሙሉ ናት፤ ካሜራው ይረፍ። አስተስርዮ (ዮም ኪፑር) ሌሊት መንገዱ ሁሉ ጭር ይላል፤ ግን ወሩ 10 ስለሆነ ጨረቃዋ እኩለ ሌሊት ሳያልፍ አትጠልቅም፤ ደግሞስ ያን ሌሊት ካሜራ ይዘው ወጥተው ቄሱ ቢያገኙዎትስ? ስግድ ሄሽቫን 29 ስለሆነ ሰማዩ ከጨረቃ ነጻ ነው፤ ማታ ኦሪዮን በምሥራቅ ይወጣል፤ እርስዎ ግን ከኢየሩሳሌም ተመልሰው እግርዎን ሙቅ ውሃ ውስጥ ከተዋል። ሃኑካም በወሩ መጨረሻና መባቻ ላይ የሚውል ረጅም ጨለማ ነው፤ ያን ሳምንት አገሩ በሙሉ መብራት ይለኩሳል። ከሁሉ የተመቸችው የአዲስ ዓመት በዓላችን፣ ብርሃን ሠረቀ ናት። ወሩ ገና አንድ ነው፣ ጨረቃ የለችም፣ የፍኖተ ሐሊብ እምብርትም በደቡብ ምዕራብ ገና አልጠለቀም። እርስዎ በዚያች ሰዓት እናትዎ ቤት ማዕድ ላይ ነዎት፤ እንዲነሡም አልመክርም።

ጣሪያው ከሰለቸዎት ወደ ባሕሩ ይውረዱ። በነሐሴ መጨረሻ እምብርቱ ወደ እኩለ ሌሊት ገደማ በደቡብ ምዕራብ ባሕሩ ላይ ይጠልቃል፤ በዚያ በኩል ቢያንስ ሕንጻ የለም። ወደ ሰሜን ቢዞሩ ደግሞ የሐዴራው ኦሮት ራቢን የኃይል ማመንጫ ረጃጅም ጭስ ማውጫዎች ከዋልታ ኮከብ ሥር ጥቂት ወደ ቀኝ ቆመው ያገኟቸዋል፤ ከዱድ ቀጥሎ የምመርጣቸው እነሱን ነው። ከገደሉ ጫፍ ግን ይራቁ፤ የነታንያ ኩርካር እየተናደ የሚሄድ ድንጋይ ነው፤ ከሥሩም አይቁሙ። የባሕሩ እርጥበት ሌንሱን በጨው ስለሚያለብሰው ቤት ሲገቡ ይጥረጉት።

የለም፣ እውነተኛውን ጨለማ ካላየሁ ካሉ ወደ 200 ኪሎሜትር ወርደው በኔጌቭ በረሃ ሚጽፔ ራሞን ይግቡ። የራሞን ማኽቴሽ፣ እዚያው ያለው ትልቅ ጎድጓዳ ሸለቆ፣ በ2017 በመካከለኛው ምሥራቅ የመጀመሪያው የጨለማ ሰማይ ፓርክ ተብሎ ታውቋል፤ የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ዋይዝ ኦብዘርቫቶሪም ከ1971 ጀምሮ እዚያው አጠገብ አለ። ብቻ ኦገስት 12 ሌሊት፣ ፐርሰይድ የሚባሉት ተወርዋሪ ኮከቦች ሲወርዱ፣ አይሂዱ። ከተማው ለክብራቸው የመንገድ መብራቱን ያጠፋል፤ የመጣው ሕዝብ ግን የስልኩን ባትሪ አያጠፋም።

የመጨረሻው ምክሬ ስለ ሌብነት ነው። ከ2020 ወዲህ ፎቶሾፕ አንድ አዝራር ሲነኩት ሰማይ ይቀይራል። የጎረቤትዎን ዱድ አንሥተው የዳሎልን ሰማይ ሊጭኑበት እጅዎ ይቁነጠነጥ ይሆናል፤ ሺህ ላይክም ያገኙ ይሆናል። ግን መስተዋቱ ወደ ካሜራው ዞሮ ሳለ የፍኖተ ሐሊብ እምብርት ከበርሜሉ ጀርባ ከቆመ፣ ደቡብን ሰሜን ላይ ሰቅለዋልና የሚያውቅ ሰው አንድ ጊዜ አይቶ ይይዝዎታል። እባክዎ ፎቶውን ሲለጥፉ መሬቱ የት፣ ሰማዩ የት እንደተነሣ ከሥሩ ይጻፉ። ሁለቱም ሺኩን ቫቲኪም ከሆኑ ደግሞ በትልቁ ይጻፉት።