ቆሞ የሚቀለብ መኪና

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ወዳጄ ፖርሽ 911 ገዝቷል። ገዝቷል አልኩ እንጂ ይነዳል አልወጣኝም። ዝናብ ከጣለ አይወጣም። በረዶ እንዲያቀልጥ መንገዱ ላይ ጨው ከተበተነ አይወጣም። ሚስቱ ቤተ ክርስቲያን አድርሰኝ ስትለው ደግሞ ፓርኪንጉ ጠባብ ነው፣ በር ይገጩብኛል ይላል። ዕድሜውን ሁሉ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ጡረታ ሲወጣ ለራሱ የሸለመው መኪና ይኸው እንደ ፋሲካ ሙክት ጋራዥ ውስጥ ታስሮ ይቀለባል። ሙክት እንኳ የሚታረድበት ቀን ይታወቃል።

ቀለብ ስል ቤንዚን ማለቴ አይደለም። የቆመ መኪና የሚበላው ባትሪውን ነው። ወዳጄን የሚያንገበግበውም ይኸው ነው። "ታክሲዬ ሌት ተቀን እየሠራ ባትሪ ጨርሶብኝ አያውቅም፤ ይሄ ተኝቶ እየዋለ ምን ቢሠራ ነው የሚርበው?" ይላል። ታክሲው ያልራበው ሌት ተቀን ስለሠራ ነው፤ ሞተሩ ሲዞር ዲናሞው ይሞላለታል። ፖርሹ ግን ተቆልፎም አይተኛም። የሌባ ማንቂያው ነቅቷል፣ የቁልፉን ምልክት የሚጠብቀው መቀበያ ጆሮውን አቁሟል፣ ኮምፒውተሮቹም ትንሽ ትንሽ ይጠባሉ። ሁሉም ተደምሮ 50 ሚሊ አምፔር ብቻ ቢስብ በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት፣ በወር 36 ይሆናል። የ70 አምፔር ሰዓት ባትሪ በወሩ ግማሹ ሄደ ማለት ነው። እንዲህ ጎድሎ የከረመ ባትሪ ደግሞ የእርሳስ ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት ስለሚጋገርባቸው፣ በኋላ ቢሞሉትም እንደ ድሮው አይዝም።

የዚህ መኪና ጉድ ግን ገና አልተነካም። የ911 ሞተር ከኋላ ነው፤ ባትሪው ከፊት ለፊት ባለው የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ተቀብሯል። የወዳጄ 997 የሚባለው ትውልድ ሲሆን፣ የፊት ኮፈኑ የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ነው። ኤሌክትሪኩ የሚመጣው ከባትሪው ነው። ባትሪው ያለው ኮፈኑ ውስጥ ነው። እንግዲህ ባትሪው ሲሞት መቃብሩን ከውስጥ ቆልፎ ነው የሚሞተው። ይህን የነደፉት ጀርመኖች ናቸው፤ ሐበሻ ቢሠራው ኖሮ ስንት ይባል ነበር!

መቼም ጀርመን መውጫ ሳያበጅ አይቀርም። በሩን በቁልፉ ብረት ትከፍታለህ። መስታወቱ ባትሪ ሲኖር በሩ ሲከፈት ዝቅ የሚል ስለሆነ፣ አሁን ዝቅ ስለማይል በሩን ቀስ አድርገህ ትስበዋለህ። ከዚያ ከመሪው ሥር፣ በግራ እግርህ በኩል ካለው የፊውዝ ሳጥን አንድ ቀይ ዘንግ ይሳባል። ከሌላ ባትሪ ቀዩን ገመድ እሱ ላይ፣ ጥቁሩን የበሩ መቆለፊያ የሚገባበት ብረት ላይ ታያይዛለህ። በዚህ ኮፈኑ ይከፈታል፤ ሞተር ግን አይነሳበትም፣ አይሞከርም። ኤሌክትሪክ ያገኘው መኪና መጀመሪያ የሚያደርገው ምን መሰላችሁ? "ሌባ! ሌባ!" ብሎ መጮህ ነው። ወዳጄ ይህን ያደረገው እሑድ ጠዋት ነበር። ጎረቤቱ በፒጃማ ወጥቶ፣ አንድ ጥቁር ሰውዬ ፖርሽ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ እግሩን ወደ ውጭ ዘርግቶ አየ። ደግነቱ ጎረቤቱ ያውቀዋል፤ መኪናውን ግን ከጋራዥ ውጭ አይቶት ስለማያውቅ የማን እንደሆነ ጠየቀው።

ቻርጀር መግዛት እንዳለበት የተወሰነው ቡና ቤት ነው። እኛ ቡና ቤት ውስጥ መካኒክ ያልሆነ ሰው የለም። አንዱ፣ አዲስ አበባ ሳለ ጋራዥ አጠገብ ይኖር የነበረ፣ ምክሩን እንዲህ ሲል ሰጠ፦

"ፈረንጅ ያካብዳል። ቻርጀሩን ሰክተህ ጥቁሩን ገመድ ፖሉ ላይ ነካ ነካ አድርገው። ብልጭ ካለ ሕይወት አለው።"

"ብልጭ ካለስ በኋላ?" አልኩት።

"12 ቮልት ሰው አይገድልም!"

ይሄ እውነት ነው፤ ችግሩም እውነት መሆኑ ነው። 12 ቮልት ደረቅ እጅ ላይ አይሰማም። ባትሪ ሲሞላ ግን፣ በተለይ ሊሞላ ሲቃረብ፣ ውስጡ ያለው ውኃ ወደ ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን ይፈረካከሳል። ሃይድሮጅን ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፤ አየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ያ መካኒካችን "ሕይወት አለው" የሚልባት ብልጭታ ማለቴ ነው። ከፈነዳ ደግሞ የሚረጨው ሰልፈሪክ አሲድ ነው፤ ዓይን ከነካ በብዙ ውኃ እያጠቡ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።

ስለዚህ ሥርዓቱ ሌላ ነው። ቻርጀሩ ከግድግዳው ሳይሰካ ቀዩ መቆንጠጫ ፖዘቲቩ ላይ ይያዛል። ጥቁሩ ከባትሪው ራቅ ብሎ፣ የመኪናው መመሪያ የሚያሳየው የቦዲ ብረት ላይ ይያዛል። ግድግዳው መጨረሻ ነው። ሲነቀል ግድግዳው ይቀድማል፣ ጥቁሩ ይከተላል፣ ቀዩ ይሰልሳል። ብልጭታ ቢኖር እንኳ ጋዙ ካለበት ይራቅ ነው ነገሩ። ኮፈኑ ክፍት፣ የጋራዡም በር ገርበብ ይላል። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተህ ባትሪው ከመጠን በላይ እየተቀቀለ ነውና ቀጥታ ከግድግዳው ንቀል። ብርዱ በጠናበት ወር ባዶ የሆነ ባትሪ ደግሞ አሲዱ ውኃ ሊሆን ምንም ስለማይቀረው በረዶ ይሆናል፤ በረዶ የሆነ ባትሪ አይሞላም፣ ሊፈነዳ ይችላል።

ቀለበት፣ ሰዓትና የአንገት ሐብልም ይወልቃሉ። ወርቅ ፖዘቲቩንና ቦዲውን በአንድ ላይ ከነካ በመቶ የሚቆጠር አምፔር ያልፍበታል፤ ጣት ላይ እንዳለ ይግላል። ወዳጄ ይህን ካነበበ በኋላ ቀለበቱን አውልቆ ልብስ ማጠቢያው ላይ አስቀመጠ፣ እዚያው ረሳው። ማታ ሚስቱ አገኘችው።

"ይሄ ምን ይሠራል እዚህ?"

"ለባትሪ ብዬ ነው ያወለቅኩት።"

"ባትሪ የምትባለው ደግሞ ማን ናት?"

ጋራዥ ወስዶ እስኪያሳያት ድረስ እራት አልቀረበም። ካሳያት በኋላም ነገሩ ሙሉ በሙሉ የተፈታ አይመስለኝም፤ ከዚያ ወዲህ መኪናውን "ያቺ" ነው የምትለው።

ቻርጀሩን በተመለከተ፣ ያ መካኒካችን የራሱን ሊያውሰው ፈልጎ ነበር። ጣውላ የሚያክል፣ መርፌው የሚርገበገብ፣ በቃኝ የማይል የጥንት ዕቃ ነው፤ ካልነቀልከው ባትሪውን እስኪጨርሰው ይሞላል። የዛሬዎቹ ትንንሽ ቻርጀሮች 14.4 ቮልት ገደማ ድረስ ሞልተው ወደ 13.5 አካባቢ ዝቅ ይሉና እዚያው እየጠበቁ ይከርማሉ። ብቻ የባትሪውን ዓይነት መምረጥ የሰውየው ፋንታ ነው፤ ኤጂኤም ለሚባለው ሌላ ቁልፍ አለ። ሊቲየም ከሆነማ ለሱ የተሠራ ቻርጀር ይፈልጋል። ፖርሽ ለ2010 ጂቲ3 የሊቲየም ባትሪ በአማራጭ አቅርቦ ነበር፤ ክብደቱ ከ6 ኪሎ በታች፣ ከተለመደው ከ10 ኪሎ በላይ የሚቀል። ወዳጄ ይህን ሰምቶ ጎመጀ። እኔ ደግሞ 10 ኪሎ መቀነስ ከፈለገ ክትፎውን ቢተው በነጻ እንደሚያገኘው ነግሬዋለሁ።

ገመዱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ወዳጄ በሩን ገርበብ ያደርግና ገመዱን በሥሩ ያሳልፋል፤ አንድ ቀን የጋራዡ በር ራሱን ዘግቶ ገመዱን ነከሰው። ጎማው ተሰንጥቆ መዳቡ እንደ ጥርስ ብቅ ብሏል። ፕላስተር ሊጠቀልልበት ሲል ሚስቱ ቀምታ ጣለችው፤ በኔ ግምት በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ኤሌክትሪክ የገባት እሷ ናት። መኪናውን ከነገመዱ እንዳያስነሳ ደግሞ መሪው ላይ "ገመድ!" የሚል ወረቀት ለጥፏል። ወረቀቱ ፀሐይ አይቶ ስለማያውቅ እስካሁን አልደበዘዘም።

ባለፈው ክረምት የመካኒካችን ቶዮታ ቤቱ ደጃፍ ሞተ። ወዳጄ ቻርጀሩን፣ የዓይን መከላከያውንና ጓንቱን ይዞ ደረሰ፤ በእርግጥ በሚስቱ ኮሮላ ነው የመጣው። ሰውዬውን ሰዓቱን አስወለቀው፣ ሲጋራውን አስጠፋው፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አስቆመው።

"ነካ ነካ አድርጌ ልየው?" አለ መካኒካችን።

"እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት።"

ከተተ። የዚያን ዕለት ቡናውን የከፈለውም እሱ ነው።