ደሜን እንኳ ሳታይ!

እኛ ሐበሾች ሐኪም የምንመዝነው በሰጠን መድኃኒት ሳይሆን ባዘዘልን ምርመራ ብዛት ነው። አዲስ አበባ እያለን ትኩሳት በነካካን ቁጥር ደም ሰጥተን «ታይፎይድና ታይፈስ» የሚል ወረቀት ሳንይዝ ከክሊኒክ ከወጣን፣ እንደታከምን አንቆጥረውም ነበር። ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ ምርመራ እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ ያለ አዛውንት መሆኑን፣ የዛሬውን ትኩሳት ከአምናው አጥርቶ እንደማይለይ ማን ደፍሮ ይንገረን? ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዘናላ!

ይህንኑ አመል ጠቅልለን ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ገባን። እዚያ ደግሞ ለተጠራጣሪ ሰው የተመቸ በሽታ ጠበቀን፤ ላይም ይባላል። ስሙ የኮነቲከት ከተማ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 በዚያ አካባቢ የልጆቻቸው ጉልበት እያበጠ ያስቸገራቸው እናቶች «ይሄ ነገር ባዶውን አይደለም» ብለው ሐኪሞችን ባይጨቀጭቁ ኖሮ ጉዳዩ ገና ብዙ ተዳፍኖ ይቆይ ነበር። (ስለዚህ ጥርጣሬን ጨርሼ አላጣጥልም።) በ1981 ዊሊ በርግዶርፈር ከመዥገር ሆድ ውስጥ ጠመዝማዛዋን ባክቴሪያ አገኛት። እሷም በአገራችን በቅማል ለሚመጣው የግርሻ ትኩሳት ባክቴሪያ የቅርብ ዘመድ ሆና ተገኘች።

መዥገሯ ግን ከከብት ጡት ላይ እየለቀምን ያደግናት ጠብደል አይደለችም። በሽታውን አብዝታ የምታስተላልፈው ገና ያልጎለመሰችው ናት፤ ከጤፍ ፍሬ ብዙም አትበልጥም። አንዲት የማውቃት እህት ፓርክ ውስጥ ጥብስ ላይ አምሽታ፣ በማግስቱ አንዷን ከብብቷ ሥር ነቅላ፣ በባዶ የቁንዶ በርበሬ ብልቃጥ ከታ ክሊኒክ ይዛት ቀረበች። «እሷንም እኔንም መርምሩን» ነው ጥያቄዋ። ሐኪሙ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ አየና፣ መዥገሯ ስንት ሰዓት ተጣብቃባት እንደቆየች ጠየቃት። ከትናንት ማታ ጀምሮ ነው። ባክቴሪያዋ ወደ ሰው እንድትሻገር መዥገሯ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ቀን በላይ ተጣብቃ መቆየት አለባት። ከ36 ሰዓት በላይ ቆይታ ቢሆን ኖሮ፣ በተነቀለች በ72 ሰዓት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የሚዋጥ 200 ሚሊ ግራም ዶክሲሳይክሊን ሊሰጣት ይችል ነበር። ስለዚህ «ምንም አያስፈልግዎትም፤ ለ30 ቀን ቆዳዎን ይከታተሉ» ብሎ ሸኛት።

«ምንም አያስፈልግዎትም»! ከዚህ የባሰ ስድብ አለ? ኢንሹራንሷ ይከፍላል፣ መርፌው አለ፣ ደሙም የራሷ ነው።

ሌላ ክሊኒክ ሄዳ ደም ሰጠች። ይህ ምርመራ ባክቴሪያዋን አይፈልግም፤ ሰውነት እሷን ለመዋጋት የሚሠራውን አንቲቦዲ ነው የሚፈልገው። ያ ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል። የትናንቷ መዥገር በዛሬው ደም ውስጥ ገና ወሬዋም የለም። የሆነው ሆኖ የመጀመሪያው ምርመራ «አጠራጣሪ» የሚል ውጤት አመጣ፤ ዘመድ ከዘመድ አጥርቶ ስለማይለይ ግርሻም ቂጥኝም ሊያሳስቱት ይችላሉ። ሁለተኛ ማጣሪያ የተሠራው ለዚህ ነው። በብዙ ላብራቶሪዎች ማጣሪያው መስመር ይቆጥራል፤ ቆየት ላለ በሽታ ከ10 መስመር ቢያንስ 5 መታየት አለበት። የእሷ 3 ነበር። እኛ በተማርንበት ትምህርት ቤት ከ10 ሦስት ያመጣ ልጅ ወላጅ አምጣ ይባላል እንጂ አልፈሃል አይባልም። እሷ ግን «ሦስት እኮ ዜሮ አይደለም» ብላ፣ ላይም እንዳለባት ለቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሁሉ አዳረሰች። ሁለት ሥራ ትሠራለች፣ እንቅልፏ በቀን አምስት ሰዓት አይሞላም፤ ድካሟን ግን አንድ ሌሊት ባደረች መዥገር አላከከችው።

ከእሷ የባሱት ጋሼ ናቸው፤ ስማቸው ይቅር። ባታቸው ላይ ከቀን ወደ ቀን የሚሰፋ ክብ ወጣባቸው። (በእኛ ቆዳ ላይ ክቡ መጽሐፍ ላይ እንዳለው ሥዕል ቀይ ሆኖ ላይታይ ይችላል። ጠቆር ወይም ወደ ሐምራዊ ያለ ስለሚሆን ሐኪምም ይስተዋል። እንዲያ ሲያጠራጥር ደም መስጠት፣ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላም መድገም ተገቢ ነው።) የጋሼ ግን ግልጽ ነበር። ሐኪሟ ሱሪያቸውን ሰብሰብ አስደርጋ አየች፣ ዳር እስከ ዳር ለካችው፣ የ10 ቀን ዶክሲሳይክሊን ጻፈችላቸው፤ አለቀ።

«ደሜን እንኳ ሳታይ!» ሲሉ ሳምንቱን ከረሙ።

እንዲህ ያለ ክብ ራሱ በቂ ማስረጃ ነው፤ በዚያ ሰሞን ደም ቢመረመር ብዙ ጊዜ «የለም» ነው የሚለው። ይህንንም ነግራቸዋለች። ጋሼ ግን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብለው ክኒኑን እየዋጡ ሌላ ቦታ ሄደው ደም ሰጡ። ኔጌቲቭ! ወረቀቱን አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱ፣ የቀረውን ክኒን የወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ ወረወሩ፣ ሐኪሟንም «ልጅ ናት» ብለው ማሩ።

ከወር በኋላ ጀርባቸው ላይ ሌሎች ክቦች ወጡ፤ ራሳቸውን ይፈልጣቸው፣ መገጣጠሚያቸውን ይቆረጥማቸው ጀመር። ሦስተኛ ሐኪም ደም አዘዙላቸው። ፖዘቲቭ። ያን ቀን የነበራቸውን ደስታ ልጃቸው ሲመረቅም አላየሁባቸውም። «ይኸው! አላልኩም?» እያሉ ለዘመድ ወዳጅ ደወሉ። ምን ብለው እንደነበር የሚያስታውስ ግን አልተገኘም። የታዘዘላቸው ያው ዶክሲሳይክሊን ነው፤ ያው 100 ሚሊ ግራም፣ ያው በቀን ሁለቴ። ይኼኛውን ጨርሰው ዋጡና ዳኑ፤ ሐኪሙንም «እጃቸው መድኃኒት ነው» ይሏቸዋል።

አሁን ደግሞ ላይሙ ከደማቸው ጨርሶ መውጣቱን በምርመራ ሊያረጋግጡ ቀጠሮ ይዘዋል። አንቲቦዲው ሰው ከዳነ በኋላም ለዓመታት ደም ውስጥ ሊቆይ እንደሚችል እኚሁ ባለ መልካም እጅ ሐኪም አስረድተዋቸው ነበር። «እሱን ውጤቱ ሲመጣ እናየዋለን» ነው መልሳቸው።